ያለ ፈንገስ የማይበቅል ዘር፦ የመድኃኒት ኦርኪዶችና የሥር ባልንጀሮቻቸው

ሪያድ ላይ ብርዱ ጠንከር በሚልበት፣ ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ባለው ጊዜ፣ በመላዝም ሆነ በሌሎች የከተማዋ ሰፈሮች በሚገኙ ካፌዎች አንድ ወፍራም የወተት መጠጥ ይዘወተራል። ሰህለብ ይባላል። ቀረፋና የተከተፈ ለውዝ ተነስንሶበት በትኩሱ ይቀርባል፤ በብዙ መኖሪያ ቤቶችም ለእንግዳ ይፈላል። መጠጡን የሚያወፍረው ዱቄት በጥንቱ አሠራር የሚገኘው ከኦርኪድ ነው፤ ከአበባው ሳይሆን ከመሬት በታች ካለው ድንች መሰል እብጥ ሥሩ። በዐረብኛ የኦርኪድ ቤተሰብ በሙሉ እስከ ዛሬ የሚጠራው በዚሁ ስም ነው።

ሰህለብ መጠጥ ብቻ ሆኖ አልኖረም። በመካከለኛው ምሥራቅና በአናቶሊያ የባህል ሕክምና ለሳል፣ ለተቅማጥና ከሕመም ተነሥቶ ጉልበት ላጣ ሰው ሲታዘዝ ቆይቷል። ሥሩ ግሉኮማናን የተባለ ንጥረ ነገር በብዛት ይዟል፤ ይህም ውኃ ሲነካው እንደ ተልባ የሚያሟልጭ ነው። ለወተቱ ውፍረት የሚሰጠውም፣ ጉሮሮንና አንጀትን ያለሰልሳል የተባለለትም ይኸው ነው።

ችግሩ ያለው በብዛቱ ላይ ነው። አንድ ኪሎ ደረቅ የሰህለብ ዱቄት ለማግኘት እንደ ዝርያው ዓይነት ከ1,000 እስከ 4,000 የሚደርሱ ሥሮች መነቀል አለባቸው። ሥሩ ሲነቀል ደግሞ ተክሉ አለቀለት። በቱርክና በኢራን ተራሮች በየዓመቱ በሚሊዮኖች የሚቆጠሩ የዱር ኦርኪዶች በዚህ መንገድ ከመሬት ይወጣሉ። ቱርክ ከዱር የተለቀመ ሰህለብ ወደ ውጭ እንዳይላክ ከከለከለች ቆይታለች። በአፍሪካም ተመሳሳይ ታሪክ አለ፤ በዛምቢያ ቺካንዳ ለተባለው ተወዳጅ ምግብ የሚሆን የኦርኪድ ሥር የአገሩ ሜዳ ሲራቆት ከታንዛኒያ ደጋማ ቦታዎች መጓጓዝ ጀምሯል። በሱፐርማርኬት በፓኬት የሚሸጠው የዛሬው ሰህለብ አብዛኛው የበቆሎ ስታርችና ጣዕም ማጣፈጫ ነው። ይህ ለጠጪው ቅር የሚያሰኝ ይሆን ይሆናል፤ ለኦርኪዱ ግን እፎይታ ነው።

ይህን ያህል የሚፈለግ ተክል ለምን እንደ ሽንኩርት፣ እንደ ድንች በማሳ አይመረትም? ገበሬዎች ሳይሞክሩ ቀርተው አይደለም። መልሱ ያለው በዘሩና ከዘሩ ጋር በሚኖረው ፈንገስ ዘንድ ነው።

ስንቅ የሌለው ዘር

ጤፍ በእህል ዘንድ የትንሽነት ምሳሌ ናት። ሆኖም የጤፍ ቅንጣት በኦርኪድ ዘር ጎን ብትቀመጥ ግዙፍ ናት። በውስጧ ለጽንሱ የሚሆን ምግብ ቋጥራለች፤ እርጥበት ካገኘች በዚያ ስንቅ ሥርና ቅጠል አውጥታ ፀሐይን እስክታገኝ ትደርሳለች። የኦርኪድ ዘር ግን ብናኝ ነው። አንድ የዘር ከረጢት ሲፈነዳ እንደ ዝርያው ከሺዎች እስከ ሚሊዮኖች የሚቆጠሩ ዘሮች እንደ አቧራ በነፋስ ይበተናሉ። እያንዳንዱ ዘር ጥቂት ሕዋሳት ካሉት ጽንስና ከስስ ሽፋን በቀር ይህ ነው የሚባል ስንቅ የለውም። በእርጥብ አፈር ላይ ቢወድቅ ያብጣል፤ ከዚያ ወዲያ ግን በራሱ ኃይል ፈቀቅ አይልም።

ዘሩን ከዚህ የሚያወጣው በአፈር ውስጥ ወይም በዛፍ ቅርፊት ላይ የሚኖር ፈንገስ ነው። ፈንገስ ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው የሻገተ እንጀራን ወይም ከዝናብ በኋላ ብቅ የሚለውን የጅብ ጥላ ነው። የጅብ ጥላው ግን የፈንገሱ ፍሬ ብቻ ነው። ዋናው አካሉ ከፀጉር የቀጠኑ ክሮች ሆኖ ከመሬት በታች ተሰራጭቶ፣ የወደቀ ቅጠልና እንጨት እያበሰበሰ ይኖራል። ከእነዚህ ክሮች አንዱ የኦርኪዱን ዘር ሲያገኝ ሽፋኑን አልፎ ወደ ሕዋሳቱ ይገባና እንደ ልቃቂት ይጠቀለላል። የኦርኪዱ ሕዋስ ያንን ልቃቂት ቀስ በቀስ እየፈጨ ስኳሩንና ማዕድኑን ይመገባል። በዚህ ምግብ ጽንሱ አድጎ ፕሮቶኮርም የሚባል ቅጠል የሌለው ትንሽ እብጠት ይሆናል፤ በአንዳንድ ዝርያዎች ቅጠል ከአፈር በላይ እስኪታይ ዓመታት ያልፋሉ።

የሥርና የፈንገስን ግንኙነት ከገበሬው ወንፈል ጋር ማመሳሰል የተለመደ ነው፤ አንዱ ዛሬ ይሠራል፣ ሌላው ነገ ብድሩን ይመልሳል። ለስንዴና ለባቄላ ምሳሌው ልክ ነው። በኦርኪድ ግን ነገሩ ዘንበል ያለ ነው፤ ሕፃኑ ኦርኪድ ለረዥም ጊዜ የሚበላ እንጂ የሚከፍል አይደለም። አረንጓዴ ቅጠል አውጥቶ ካደገ በኋላ ከሚሠራው ስኳር ለፈንገሱ እንደሚመልስ በተወሰኑ ዝርያዎች ላይ ተረጋግጧል። ዕድሜ ልካቸውን ቅጠል ሳያወጡ፣ አንዲት ሳንቲም ሳይከፍሉ የሚኖሩ ኦርኪዶችም አሉ።

ይህን ምስጢር የፈታው ኖኤል በርናር የተባለ ወጣት ፈረንሳዊ የዕፅዋት ተመራማሪ ነው። እ.ኤ.አ. በ1899፣ የ25 ዓመት ወጣት ሆኖ ወታደራዊ አገልግሎቱን በሚሰጥበት ወቅት፣ ከፓሪስ ብዙም በማይርቀው የፎንቴንብሎ ጫካ ውስጥ በወደቁ ቅጠሎች ሥር የተቀበረ የኦርኪድ ዘር ከረጢት አገኘ። ዘሮቹ በቅለዋል፤ የበቀሉት ሁሉ ደግሞ በፈንገስ ክር ተይዘዋል። እስከዚያ ዘመን ድረስ በአውሮፓ የአበባ አልሚዎች የኦርኪድ ዘር የሚበቅለው በዕድል ነው ብለው ያምኑ ነበር። በርናር ፈንገሱን ለይቶ በማራባትና ከዘር ጋር በማገናኘት ዕድል የተባለው ነገር ሕይወት ያለው ፍጡር መሆኑን አሳየ። በ1911 ገና በ36 ዓመቱ አረፈ።

ከብልቃጥ የወጣ አበባ

ከበርናር በኋላ መንገዱ ለሁለት ተከፈለ። በአሜሪካ የኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ የነበረው ሉዊስ ክኑድሰን፣ ፈንገሱ ለዘሩ የሚሰጠው በዋናነት ስኳር ከሆነ ስኳሩን በብልቃጥ ውስጥ ለምን አንሰጠውም ሲል ጠየቀ። እ.ኤ.አ. በ1922 ባወጣው ሥራ የኦርኪድ ዘር በንጹሕ ብልቃጥ፣ በስኳርና በማዕድን ድብልቅ ላይ ያለ ፈንገስ ሊበቅል እንደሚችል አሳየ። የዛሬው የዓለም የኦርኪድ አበባ ንግድ በዚህ ላይ የቆመ ነው።

በሪያድ ቤቶችና ቢሮዎች በነጭና በሐምራዊ አበባቸው የሚታወቁት ፋሌኖፕሲስ የተባሉ የማሰሮ ኦርኪዶችም የዚሁ የብልቃጥ ልጆች ናቸው። ስለዚህ እነዚህን የሚንከባከብ ሰው ፈንገስ ፍለጋ መድከም አይኖርበትም። ይልቅ ብዙ ተክል የሚሞተው በሁለት ስሕተት ነው። የመጀመሪያው ተክሉን ከቅርፊት ፍርፋሪ አውጥቶ በተራ አፈር መትከል ነው፤ በተፈጥሮው በዛፍ ላይ የሚኖር ስለሆነ ሥሩ አየር አጥቶ ይበሰብሳል። ሁለተኛው ከማሰሮው ውጭ የሚንጠለጠለውን ብርማ ሥር ሻግቷል ብሎ መቁረጥ ነው። ያ ነጣ ያለ ሽፋን ሻጋታ አይደለም፤ እንደ ስፖንጅ ውኃ የሚመጥ የሥሩ ልብስ ነው። ውኃ ሲነካው ወደ አረንጓዴ ይለወጣል፤ ነጭ ሆኖ ሲቆይ ተክሉ መጠማቱን ይናገራል። ጨው የበዛበት ውኃ ይህን ሽፋን ስለሚጎዳ ንጹሕ ውኃ ማጠጣትና የተጠራቀመውን ማፍሰስ ይመረጣል።

የብልቃጡ ዘዴ ለጌጥ አበባ በቂ ሆኖ ሳለ ለመድኃኒት ኦርኪዶች ለምን አልበቃም? አንደኛ፣ በብልቃጥ ምቾት ያደገ ችግኝ ወደ ጫካ ወይም ወደ ማሳ ሲወጣ ረዳት አልባ ነው፤ ከተተከለው ብዙው ይሞታል። ሁለተኛ፣ የመድኃኒት ተክል የሚለካው በቁመናው ሳይሆን በውስጡ ባከማቸው ንጥረ ነገር ነው፤ ፈንገሱ ደግሞ ተክሉን የሚቀልብ ብቻ ሳይሆን በተወሰኑ ሙከራዎች እንደታየው የንጥረ ነገሮቹን መጠንም የሚለውጥ ሆኖ ተገኝቷል። ሦስተኛውና ከሁሉ የከበደው፣ ያለ ፈንገስ ከቶ የማይሆኑ ዝርያዎች መኖራቸው ነው። ለዚህ ከቻይናው ቲየንማ የተሻለ ምስክር አይገኝም።

እንጨት የሚያበሰብሰውን ማሳደግ

ቲየንማ፣ በሳይንሳዊ ስሙ ጋስትሮዲያ ኤላታ፣ በቻይና የባህል ሕክምና ለራስ ምታትና ለማዞር የሚታዘዝ እጅግ ታዋቂ መድኃኒት ነው። አረንጓዴ ቅጠል የለውም፤ ሥርም የለውም ማለት ይቻላል። ከመሬት በታች ያለው እብጥ አካሉ ምግቡን በሙሉ የሚያገኘው ከፈንገስ ነው። እስከ ሃያኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ድረስ ከጫካ በመልቀም ብቻ ይገኝ ስለነበር እየተመናመነ ሄደ። በ1960ዎቹ ሹ ጂንታንግ የተባሉ ቻይናዊ ተመራማሪ በሁቤይ ግዛት ተራሮች ከገበሬዎች ጋር እየሠሩ፣ ተክሉን ለማሳደግ አስቀድሞ ፈንገሱን ማሳደግ እንደሚገባ በተግባር አሳዩ።

ፈንገሱ አርሚላሪያ ይባላል። ይህ ስም የደን ባለሙያዎችን ያስደነግጣል። አርሚላሪያ የቁም ዛፍ ሥር እያበሰበሰ የሚገድል በሽታ ነው፤ በኢትዮጵያ የደን ተክሎች ላይም መገኘቱ በጥናት ተመዝግቧል። ቲየንማ ግን ይህን ገዳይ አስገብቶ ራሱን ይቀልብበታል። ገበሬው የሚሠራው እንዲህ ነው፦ የባሉጥና የመሳሰሉትን ዛፎች ቅርንጫፍ በአጭር በአጭሩ ይቆርጣል፤ አርሚላሪያ ያስይዘዋል፤ በጥላማና ውኃ በማያቁር ተዳፋት ጉድጓድ ቆፍሮ እንጨቱን ከትናንሽ የቲየንማ እብጦች ጋር ይቀብረዋል። ፈንገሱ እንጨቱን ይበላል፤ ቲየንማው ፈንገሱን ይበላል።

ቆይቶ አንድ እንቆቅልሽ ብቅ አለ። በእብጥ ብቻ ሲራባ የኖረው ቲየንማ ከትውልድ ትውልድ እየደከመ መጣ፤ ከዘር መጀመር አስፈለገ። ዘሩ ግን በአርሚላሪያ አይበቅልም። ምርምሩ ቀጥሎ በ1980ዎቹ ዘሩን የሚያስጀምረው ማይሲና የተባለ ሌላ፣ በወደቁ ቅጠሎች ላይ የሚኖር ትንሽ እንጉዳይ መሆኑ ታወቀ። አንዱ ተክል በሕፃንነቱ አንድ ሞግዚት፣ ሲያድግ ሌላ ቀላቢ ይፈልጋል ማለት ነው። ዛሬ ገበሬዎች ዘሩን ማይሲና በያዘ ደረቅ ቅጠል ላይ ነስንሰው አርሚላሪያ ከያዘው እንጨት ጋር ይቀብሩታል።

ውጤቱ ትልቅ ነው፤ በገበያ ላይ ያለው ቲየንማ አብዛኛው ዛሬ የእርሻ ምርት ነው። ዘዴው እዳ የለበትም ማለት ግን አይደለም። በየዙሩ አዲስ እንጨት ስለሚጠይቅ ጫካ ያስቆርጣል፤ አንድ ጊዜ የተተከለበት ቦታም ወዲያው ቢደገም ምርቱ ያሽቆለቁላል። አንድ ተክል ለማዳን ሌላ ዛፍ መቁረጥ ስሌቱ ምን ያህል እንደሚያዋጣ መጠየቁ ተገቢ ነው፤ በእንጨት ምትክ የእርሻ ተረፈ ምርት ለመጠቀም የሚደረገው ሙከራ መነሻውም ይኸው ነው።

ሌላው የቻይና የመድኃኒት ኦርኪድ ዴንድሮቢየም ነው። ግንዱ ደርቆ ለጉሮሮ፣ ለሆድና ለዓይን ሕመም ይታዘዛል። አረንጓዴ ቅጠል ስላለው እንደ ቲየንማ ሙሉ ጥገኛ አይደለም፤ ሆኖም ከሥሩ የተለዩ ፈንገሶች ሲመለሱለት ችግኙ ፈጥኖ የሚያድግ መሆኑ በተደጋጋሚ ታይቷል። ከእነዚህ አንዱ ከተክሉ ስም ተወስዶ ማይሲና ዴንድሮቢ ተብሎ ተሰይሟል።

ፈንገሱ እንዴት ይገኛል?

ለአንድ ኦርኪድ የሚስማማውን ፈንገስ ፍለጋው የሚጀምረው ከራሱ ከተክሉ ነው። ባለሙያው ከጤናማ ኦርኪድ ጥቂት ሥር ቆርጦ ውጪውን በጥንቃቄ ያጸዳል፤ ምክንያቱም በሥር ላይ የሚገኝ ፈንገስ ሁሉ ወዳጅ አይደለም። ከዚያም ሥሩን በስሱ ከትፎ በሕዋሳቱ ውስጥ ያሉትን ልቃቂቶች ለይቶ በብልቃጥ ያራባል። በብዛት የሚገኙት ቱላስኔላ፣ ሴራቶባሲዲየምና ሴሬንዲፒታ የተባሉ ወገኖች ናቸው። የተገኘው ፈንገስ ከዘሩ ጋር በአጃ ዱቄትና በአጋር ላይ ይዘራል። አጃው ለፈንገሱ ምግብ ነው፤ ዘሩ ደግሞ የሚመገበው ፈንገሱን ነው።

ከአዋቂ ተክል የተለየ ፈንገስ ለዘር ላይሆን እንደሚችል የቲየንማ ታሪክ አሳይቷል። ለዚህ እ.ኤ.አ. በ1993 አንድ ብልኃተኛ ዘዴ ታትሞ ወጣ። ዘሩ ክር ማስገባት በሚችል፣ ዘር ግን በማያስወጣ ስስ የናይለን ወንፊት ከረጢት ይታሸግና በጫካው ውስጥ ይቀበራል። ከወራት በኋላ ሲወጣ አንዳንዱ ዘር በቅሎ ይገኛል፤ ያበቀለውም ፈንገስ ከውስጡ ይለያል። በርናር በፎንቴንብሎ በአጋጣሚ ያየውን ነገር አስቦ የሚደግም ዘዴ ነው፤ ወጪውም ከወንፊትና ከትዕግሥት ብዙም አይበልጥም።

ከመላዝ እስከ ሰሜኑ በረሃ

በሳዑዲ ዐረቢያ የዱር ኦርኪድ የሚገኘው በደቡብ ምዕራቡ የሰራዋት ተራሮች፣ በተለይም በዐሲርና በአካባቢው ነው። ከእነዚህም ቦናቲያ ስቱድነሪና ዩሎፊያ ፒተርሲ የተባሉት በቀይ ባሕር ማዶ በኢትዮጵያም ይበቅላሉ። በሪያድ ዙሪያ ያለው የነጅድ ምድር ግን ለኦርኪድ ደረቅ ነው። የሥር ፈንገስ ምርምር በከተማዋ የሚካሄደው በሌሎች ዕፅዋት ላይ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1957 የተመሠረተው የንጉሥ ሳዑድ ዩኒቨርሲቲ፣ ወደ ዲርዒያ አቅጣጫ ወዳለው ሰፊ ግቢው ከመዛወሩ በፊት ለዓመታት የኖረው በመላዝ ነበር። ባለፉት ዓመታት የዩኒቨርሲቲው ተመራማሪዎች የሥር ፈንገስ በጨዋማ አፈር ላይ ያለውን ጥቅም በማጥናት በርካታ ሥራዎችን አሳትመዋል። በኪያርና ጠልህ በተባለው የአገሩ ግራር ላይ ያደረጓቸው ሙከራዎች፣ ፈንገሱ ያደረባቸው ተክሎች ጨውን ይበልጥ ተቋቁመው እንደሚያድጉ አሳይተዋል። ኪያር በመንግሥቱ ግሪንሃውሶች በስፋት የሚመረት ሰብል ነው። 7.5 ሚሊዮን ዛፎችን ለመትከል የታቀደበት የአረንጓዴ ሪያድ ፕሮጀክት ባለበት ከተማ ደግሞ የጠልህ ችግኝ ጨውን መቋቋም ተራ ጉዳይ አይደለም።

እዚህ ላይ በግሪንሃውስና በአትክልት ሥራ የተሰማሩ ሰዎች ሊያውቁት የሚገባ ልዩነት አለ። በኪያርና በግራር ሥር የሚኖረው ፈንገስ ከ70 በመቶ በላይ በሚሆኑት የምድር ዕፅዋት ሥር የሚገኘው ዓይነት ነው። በአትክልት መሸጫዎች ማይኮራይዛ ተብሎ በከረጢት ወይም በማሰሮ የሚሸጠው ዱቄትም በአብዛኛው ይኸው ነው። ለቲማቲምና ለሎሚ ሊጠቅም ይችላል፤ ለኦርኪድ ግን አይሆንም፤ የኦርኪዱ ባልንጀሮች ፍጹም ሌላ ወገን ናቸው። ለጎመንና ለጎመን ዘመዶችም ዋጋ የለውም፤ እነርሱ የሥር ፈንገስ ከማይቀበሉት ጥቂት ዕፅዋት መካከል ናቸውና። ፎስፈረስ የበዛበት ማዳበሪያ በሚፈስበት አፈርም ዱቄቱ ብዙ አይሠራም፤ ተክሉ የሚፈልገውን በነፃ ካገኘ ለፈንገሱ ስኳር የሚከፍልበት ምክንያት የለውም።

ኦርኪድ በሌለበት በረሃ የሥር ፈንገስን ዋጋ የሚያሳውቅ ሌላ ነገር አለ፦ ፋቃ። በሰሜኑ የመንግሥቱ ክፍል፣ በሐፍር አልባጢንና በዐርዐር አካባቢ፣ የመጸው ዝናብ በጊዜው ከጣለ ከወራት በኋላ አሸዋው ይሰነጠቅና ድንች የመሰለ እንጉዳይ ከሥሩ ይወጣል። ነጩ ዙበይዲ፣ ቀላ ያለው ኸላሲ ይባላል። በሪያድ ገበያዎች በውድ ይሸጣል፤ በእስልምና ትውፊትም ለዓይን መድኃኒትነቱ ስሙ ይነሣል። ፋቃ በዘፈቀደ አይበቅልም፤ ረቅሩቅ በሚባል ትንሽ የበረሃ ቁጥቋጦ ሥር ተጠግቶ የሚኖር ፈንገስ ፍሬ ነው። ልምድ ያለው ለቃሚ መጀመሪያ የሚፈልገውም ቁጥቋጦውን ነው። ግጦሽና የመኪና ጎማ ቁጥቋጦውን ባጠፉበት ስፍራ ፋቃም ይጠፋል። በስፔን ሙርሲያ ተመራማሪዎች የቁጥቋጦውን ዘመድ ከፈንገሱ ጋር አጣምረው በመትከል ከ1999 ጀምሮ የበረሃ ፋቃን በማሳ ማምረት ችለዋል።

ማይኮራይዛ የሚለው ስም ራሱ የተወለደው ከዚሁ ዓይነት ፍለጋ ነው። በ1880ዎቹ የፕራሻ መንግሥት አልበርት በርንሃርድ ፍራንክ የተባለውን የዕፅዋት ሊቅ ውዱን የአውሮፓ ትራፍል ማልማት የሚቻልበትን መንገድ እንዲያጠና አዘዘው። ፍራንክ ትራፍሉን ማልማት አልሆነለትም። ነገር ግን የዛፎቹ ሥር በሙሉ በፈንገስ ተሸፍኖ፣ ዛፎቹም ሳይታመሙ ይልቁንም ለምልመው አገኛቸው። እ.ኤ.አ. በ1885 ለዚህ ጥምረት ከግሪክ ቃላት «የፈንገስ ሥር» የሚል ትርጉም ያለው ስም አወጣለት። በዘመኑ ብዙዎች ተሳለቁበት፤ ፈንገስ ማለት በሽታ ማለት ነበርና።

በኢትዮጵያ ደኖች

ኢትዮጵያ ከ160 የሚበልጡ የኦርኪድ ዝርያዎች አሏት። ፕሮፌሰር ሰብስቤ ደምሰው ከሁለት የውጭ ባልደረቦቻቸው ጋር ያዘጋጁትና እ.ኤ.አ. በ2004 በእንግሊዝ የኪው ዕፅዋት ማዕከል የታተመው መመሪያ መጽሐፍ እነዚህን በሥዕልና በመግለጫ መዝግቧል። አንዳንዶቹ በደጋው ሣር መካከል ክረምት ሲገባ ብቅ የሚሉ ናቸው። ሌሎቹ በደቡብ ምዕራብ ደኖች በትልልቅ ዛፎች ቅርንጫፍ ላይ ይኖራሉ።

ቡና የሚበቅለው በእነዚሁ ዛፎች ጥላ ነው። የጅማ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ የተሳተፉበትና በ2013 የታተመ ጥናት፣ የደን መቆራረጥም ሆነ የቡና ልማቱ መጠናከር በዛፍ ላይ የሚኖሩ ኦርኪዶችን ዓይነትና ብዛት እንደሚቀንስ አሳይቷል። ቡና ያለው ገበሬ የጥላ ዛፎችን ያሳሳል፤ ለቡናው ብርሃን ሲል። ኦርኪዱ የሚያጣው ግን ቅርንጫፉን ብቻ አይደለም፤ እርጥቡን ሽበትና ቅርፊቱን፣ በዚያም ውስጥ የኖረውን ፈንገስ ጭምር ነው። ዘሩ በነፋስ ሌላ ዛፍ ላይ ቢደርስም ሞግዚቱን ካላገኘ ከአቧራ አይሻልም። አሮጌ ዛፍ ቆርጦ በቦታው አሥር ችግኝ መትከል ለኦርኪድ ካሳ የማይሆነው ለዚህ ነው።

በሌሎች የመድኃኒት ዛፎች ላይ ጥሩ ጅምር አለ። ቅርፊቱ ለፕሮስቴት ሕመም መድኃኒት የሚውለው ጥቁር እንጨት በዓለም ገበያ በመፈለጉ በብዙ የአፍሪካ አገሮች ተመናምኗል። በ2000ዎቹ መጀመሪያ በኢትዮጵያ ደረቅ የደጋ ደኖች የተደረጉ ጥናቶች በዚህ ዛፍ ሥር፣ እንዲሁም በጥድና በዝግባ ሥር፣ የተለያዩ የፈንገስ ዓይነቶች በብዛት እንደሚኖሩ በሞለኪውል ምርመራ ለይተዋል። ከዚህ የሚገኘው ተግባራዊ ትምህርት ቀላል ነው፤ ለደን መልሶ ማልማት የሚውል ችግኝ ከነባሩ ደን ጥቂት አፈር ተቀላቅሎለት ቢያድግ ባልንጀራውን ከችግኝ ጣቢያው ይዞ ይወጣል። የደን አፈር በገፍ መዛቅ ግን ደኑን ራሱን የሚጎዳ በመሆኑ ለአንድ መደብ ጥቂት እፍኝ ይበቃል፤ የታመመ ዛፍ ካለበት ስፍራም አፈር አይወሰድም፤ ከባልንጀራው ጋር አርሚላሪያን የመሰለ ጠላት ሊመጣ ይችላልና።

በሁለቱ አገሮች መካከል ለሚመላለሱ መንገደኞች አንድ ጉዳይ አለ። የኦርኪድ ቤተሰብ ዝርያዎች በሙሉ፣ ወደ 28,000 የሚጠጉት ሁሉ፣ ሳይተስ በተባለው የዱር እንስሳትና ዕፅዋት ንግድ ዓለም አቀፍ ስምምነት ዝርዝር ውስጥ የገቡ ናቸው። ሳዑዲ ዐረቢያም ኢትዮጵያም የስምምነቱ አባል ናቸው። በመሆኑም ከዱር የተነቀለ ኦርኪድ፣ እብጥ ሥሩም ሆነ ከእርሱ የተዘጋጀ የመድኃኒት ዱቄት፣ ያለ ፈቃድ ድንበር ሲሻገር ከተገኘ ሊወረስና ያዡን ሊያስጠይቅ ይችላል። ይህ ለቤት ጌጥ ተብሎ ከዐሲር ተራራ ወይም ከከፋ ጫካ በጨርቅ ተጠቅልሎ በሻንጣ የሚገባውንም ይጨምራል፤ እንዲህ ያለው ተክል የለመደውን ፈንገስ በትውልድ ቦታው ትቶ ስለሚመጣ በተተከለበት ማሰሮ ዓመት የመዝለቅ ዕድሉ አነስተኛ ነው።